የሬር ኧርዝ ማዕድናት ፍሎቴሽንና የገጽ ኬሚስትሪ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ተማሪዎችም የፋብሪካ ባለሙያዎችም ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከባዱ እንሄዳለን።

ፍሎቴሽን ምንድን ነው?

ድንጋዩ ተፈጭቶ ዱቄት ይሆናል። ዱቄቱ ከውሃ ጋር ተበጥብጦ ማማሰያ ወዳለው ታንክ ይገባል። ኬሚካል ይጨመርበታል፣ ከታች አየር ይነፋበታል። የምንፈልገው ማዕድን ከአየር አረፋው ጋር ተጣብቆ ወደ ላይ ይወጣል፤ የማንፈልገው ውሃው ውስጥ ይቀራል። ላይ የተጠራቀመው አረፋ ይገፈፋል። የተገፈፈው ኮንሰንትሬት ይባላል፣ የቀረው ቴይሊንግ።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ማን እንደሚንሳፈፍ የሚወስነው ክብደት አይደለም። ባስትናሳይት የሚባለው ማዕድን ከውሃ 5 እጥፍ ገደማ ይከብዳል፤ ግን ይንሳፈፋል። ወሳኙ የቅንጣቷ ገጽ ነው፣ ያውም አንድ ወይም ሁለት ሞለኪውል የሚያህል ስስ ሽፋን። ገጹ ውሃ የሚወድ ከሆነ ቅንጣቷ ውሃው ውስጥ ትቀራለች። ውሃን የሚሸሽ ከሆነ ደግሞ አረፋ ባገኘች ቁጥር ትጣበቃለች። የሬር ኧርዝ ማዕድናት በተፈጥሯቸው ውሃ ይወዳሉ። ስለዚህ ገጻቸውን እኛ መለወጥ አለብን።

የትኞቹ የሬር ኧርዝ ማዕድናት ናቸው በፍሎቴሽን የሚወጡት?

ሬር ኧርዝ የምንላቸው 17 ንጥረ ነገሮች ናቸው፦ 15ቱ ላንታናይዶች፣ ስካንዲየምና ኢትሪየም። ለገበያ የሚወጡት በዋናነት ከሦስት ማዕድናት ነው። ባስትናሳይት የፍሎሪንና የካርቦኔት ማዕድን ሲሆን ንጹሑ 75 በመቶ ገደማ የሬር ኧርዝ ኦክሳይድ ይይዛል። ሞናዛይት ፎስፌት ነው፤ ጨረር አመንጪው ቶሪየምም አብሮት ይመጣል። ዜኖታይም የኢትሪየም ፎስፌት ነው።

በካሊፎርኒያ ማውንቴን ፓስ ዋናው ባስትናሳይት ነው። በቻይና የውስጥ ሞንጎሊያ ባዩን ኦቦ ባስትናሳይትና ሞናዛይት ተደባልቀው ይገኛሉ። በምዕራብ አውስትራሊያ ማውንት ዌልድ ደግሞ የፎስፌት ማዕድናት ያይላሉ። በደቡብ ቻይና ያሉት የሸክላ አፈሮች ግን ከዚህ ጨዋታ ውጭ ናቸው። እዚያ ሬር ኧርዙ የራሱ ማዕድን የለውም፣ የሸክላው ገጽ ላይ በአዮን መልክ ተለጥፎ ነው ያለው። ስለዚህ በአሞኒየም ሰልፌት በመሰለ የጨው ውሃ ታጥቦ ይወጣል እንጂ አይንሳፈፍም።

መዳብና እርሳስ በዛንቴት ይንሳፈፋሉ፤ ለሬር ኧርዝ ለምን አይሆንም?

ዛንቴት የተባለው የፍሎቴሽን ኬሚካል የሚይዘው ሰልፋይድ፣ ማለትም ሰልፈር ያለባቸውን ማዕድናት ነው። በራሱ ውስጥ ያለው ሰልፈር ከመዳብና ከእርሳስ ጋር አጥብቆ ይተሳሰራል። የሬር ኧርዝ አዮኖች ግን ከሰልፈር ጋር እምብዛም አይዋደዱም። የሚፈልጉት ኦክስጅን ነው። ስለዚህ ኮሌክተራቸው፣ ማለትም ገጹ ላይ ተለጥፎ ውሃ እንዲሸሽ የሚያደርገው ኬሚካል፣ የሚይዘው እጁ ኦክስጅን መሆን አለበት።

ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ኦክስጅን ያለው ኮሌክተር ካልሲየምንና ባሪየምንም ይይዛል። ከባስትናሳይት ጋር አብረው የሚወጡት ደግሞ የካልሲየምና የባሪየም ማዕድናት የሆኑት ካልሳይት፣ ዶሎማይት፣ ባራይትና ፍሎራይት ናቸው። መዳብን ከኳርትዝ መለየት ሁለት ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ገጾችን መለየት ነው። ባስትናሳይትን ከካልሳይት መለየት ግን ሁለት ካርቦኔቶችን መለየት ነው። የሬር ኧርዝ ፍሎቴሽን አስቸጋሪ የሆነው በዚህ ነው።

ፋቲ አሲድ ይሻላል ወይስ ሃይድሮክሳሜት?

ሁለቱም በሥራ ላይ ያሉ ኮሌክተሮች ናቸው። ፋቲ አሲድ ርካሽ ነው። በብዛት የሚሠራበት ከወረቀት ፋብሪካ ተረፈ ምርት የሚገኘው ቶል ኦይል ነው፤ ዋናው ይዘቱ ኦሌይክ አሲድ ነው። ማውንቴን ፓስ ለረጅም ዓመታት የሠራው በዚህ ነው። ችግሩ ሰው አይመርጥም፤ ካልሲየምንም፣ ባሪየምንም፣ ከሬር ኧርዝ አንዱ የሆነውን ሴሪየምንም ይይዛል። መለየቱ የሚመጣው በሙቀትና በሌሎች ኬሚካሎች እገዛ ነው።

ሃይድሮክሳሜት ውድ ነው፤ ግን ይመርጣል። ሁለት ኦክስጅኖቹ ገጹ ላይ ያለውን አንድ አዮን ከሁለት በኩል ጨብጠው ባለ አምስት አባል ቀለበት ይሠራሉ። የመተሳሰሩ ጥንካሬ በቁጥር ሲታይ ነገሩ ይገባል። ትንሹን የቤተሰቡን አባል፣ አሴቶሃይድሮክሳሚክ አሲድን እንውሰድ። የመጀመሪያው ትስስር ጥንካሬ ሎጋሪዝም ለካልሲየም 2.4፣ ለላንታነም 5.16፣ ለሴሪየም 5.45 ነው። ሎጋሪዝም ስለሆነ በሴሪየምና በካልሲየም መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሺህ እጥፍ ያህል ነው። ባዩን ኦቦ ላይ የናፍታሊን ቀለበት ያለው ሃይድሮክሳሜት የተለመደ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም።

ልብ በሉ ግን፤ ባለ ሦስት ቻርጅ ብረት በዚያው ሚዛን 11.42 ነው። ሃይድሮክሳሜት ከሬር ኧርዝ ይልቅ ብረትን እጅግ አብልጦ ይወዳል ማለት ነው። ሄማታይት የተባለው የብረት ኦክሳይድ የበዛበት ድንጋይ ላይ ሃይድሮክሳሜት ብቻውን ተአምር አይሠራም። ባዩን ኦቦ ላይ ብረቱ አስቀድሞ በማግኔት ይለቀማል፤ ሬር ኧርዙ የሚፈለገው ከዚያ በቀረው ውስጥ ነው።

ዜታ ፖቴንሻልና አይሶኤሌክትሪክ ነጥብ ለምን ይለካሉ? በየጽሑፉ ያለው ቁጥርስ ለምን ይለያያል?

የማዕድን ዱቄት ውሃ ውስጥ ሲገባ ገጹ ቻርጅ ይይዛል፤ ዜታ ፖቴንሻል የዚህ ቻርጅ መለኪያ ነው። ፒኤች፣ ማለትም የውሃው የአሲድነት መለኪያ፣ ዝቅ ሲል (አሲዱ ሲበዛ) ብዙውን ጊዜ ፖዘቲቭ ይሆናል፣ ከፍ ሲል ኔጌቲቭ። መሃል ላይ ዜሮ የሚሆንበት ፒኤች አለ፤ እሱ አይሶኤሌክትሪክ ነጥብ ይባላል። ኔጌቲቭ ኮሌክተር በቻርጅ ብቻ የሚሳብ ቢሆን ኖሮ ከዚያ ነጥብ በታች ብቻ ይሠራ ነበር።

ለባስትናሳይት የታተሙት ቁጥሮች ከፒኤች 5 አካባቢ እስከ 9 አካባቢ ይዘረጋሉ። የሞናዛይትም እንደዚሁ ሰፊ ነው። ይህ የግድ የሰው ስህተት አይደለም። ባስትናሳይት ውሃ ውስጥ ትንሽ ትንሽ ይሟሟል፤ ሴሪየም፣ ፍሎራይድና ካርቦኔት ይለቃል። እነዚህ አዮኖች ተመልሰው ገጹ ላይ ሲያርፉ ቻርጁን ይቀይሩታል። ስለዚህ ቁጥሩ እንደ ውሃው፣ እንደ ቆይታው ጊዜ፣ ከአየር እንደገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ እንደ ናሙናው ንጽሕናም ይለዋወጣል። እኔ የምመክረው ከሰው ጽሑፍ ላይ ቁጥር ከመቅዳት የራሳችሁን ናሙና በራሳችሁ የፋብሪካ ውሃ መለካት ነው።

ሌላም ትልቅ ትምህርት አለበት። ፒኤች 9 ላይ ገጹ ኔጌቲቭ ሆኖ ኔጌቲቩ ኦሌኤት፣ ማለትም የኦሌይክ አሲዱ አዮን፣ ግን ይለጠፋል። ተመሳሳይ ቻርጆች ይገፋፋሉ ብለን ተምረናል፤ እዚህ ግን የኬሚካል ትስስሩ ግፊያውን ያሸንፋል። ኬሚሶርፕሽን የሚባለው ይህ ነው።

ሁሉም ሰው ፒኤች 9 አካባቢ የሚሠራው ለምንድን ነው?

ሁለት ነገሮች እዚያ ስለሚገናኙ ነው። አንደኛው የሬር ኧርዙ አዮን ነው። በዚያ ሰፈር ሴሪየምና ጓደኞቹ ከውሃው ሃይድሮክሲል ይዘው ይገኛሉ። ይህ ሃይድሮክሲል የያዘ አዮን ገጹ ላይ አጥብቆ ይለጠፋል፤ ለኮሌክተሩም መያዣ ይሆንለታል። ሁለተኛው ኮሌክተሩ ነው። ሃይድሮክሳሚክ አሲድ ፒኤች 9 ገደማ ላይ ግማሹ አዮን፣ ግማሹ ያልተከፈለ ሞለኪውል ነው። አዮኑ ገጹን ይጨብጣል፤ ሞለኪውሉ በአዮኖቹ መካከል እየገባ ሽፋኑን ያጠብቀዋል።

ፒኤች ከ10 ወይም ከ11 ሲያልፍ ሃይድሮክሲል ራሱ ከኮሌክተሩ ጋር ቦታ ይሻማል። ምርቱ ይወርዳል። ፒኤቹ በጣም ሲወርድ ደግሞ ኮሌክተሩ አዮን መሆኑን ይተዋል፤ ካርቦኔቶቹም መሟሟት ይጀምራሉ።

ፒኤች ለማስተካከል ሶዳ አሽም ኮስቲክ ሶዳም ያው አይደለም?

አይደለም። ሁለቱም ፒኤቹን 9 ያደርሱላችኋል፤ የሚተዉት ውሃ ግን ለየቅል ነው። ሶዳ አሽ ካርቦኔት ነው። ውሃው ውስጥ የሟሟውን ካልሲየም ካልሳይት አድርጎ ያዘቅጠዋል። ኮስቲክ ሶዳ በዚህ ፒኤች ካልሲየሙን እንዳለ ይተወዋል። ካልሲየም በበዛበት ውሃ በፋቲ አሲድ ለሚሠራ ሰው ይህ ልዩነት የቀን ምርቱን ሊወስን ይችላል።

ማውንቴን ፓስ ላይ ውሃው ሊፈላ እስኪቃረብ ለምን ይሞቅ ነበር?

ድብልቁ በእንፋሎት ከ70 እስከ 90 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሞቅ ነበር፤ ከኮሌክተሩና ከዲፕረሳንቱ (የማንፈልገውን ማዕድን ከሚያስቀረው ኬሚካል) ጋር በበርካታ ታንኮች እየተማሰለ። ምክንያቱ ኮሌክተሩ እንዲመርጥ ማስገደድ ነው። ፋቲ አሲድ በቀዝቃዛ ውሃ በደንብ አይሟሟም፤ ያገኘው ላይ ሁሉ ይለጠፋል። ሙቀት ሲጨመር በደንብ ይበተናል። ካልሳይትና ባራይት ላይ ላላ ብሎ የተቀመጠው ይነቀላል፤ ባስትናሳይት ላይ ግን የኬሚካሉ ትስስር ይፋጠናል፣ ይጠነክራል።

ውጤቱ ቀላል አልነበረም። 7 ወይም 8 በመቶ ገደማ የሬር ኧርዝ ኦክሳይድ ይዞ የገባው ድንጋይ፣ በመጀመሪያው ዙር 30 በመቶ ገደማ፣ ደጋግሞ ሲጠራ 60 በመቶ ይደርሳል። ከሬር ኧርዙ 65 እስከ 70 በመቶው ይያዛል። የቀረው ሲሶ ቴይሊንግ ውስጥ ይገባል። ያን ያህል ነዳጅ ተቃጥሎም አንድ ሦስተኛው መቅረቱ የሥራውን ክብደት ያሳያል። ለሃይድሮክሳሜት የሚከፈለው ተጨማሪ ዋጋም ከዚህ ጋር ነው መመዘን ያለበት፤ በብዙ ድንጋይ ላይ ይህን ያህል ሙቀት አይጠይቅም።

ዲፕረሳንት የማንፈልገውን ማዕድን እንዴት ያስቀራል?

ገጹን ቀድሞ በመያዝና ውሃ እንዲወድ አድርጎ በማቆየት ነው። በብዛት የሚገኘው ሶዲየም ሲሊኬት፣ የውሃ ብርጭቆ የሚባለው ነው። ውሃ ውስጥ የሲሊካ ሰንሰለቶች ይሠራል፤ እነዚህ ኳርትዝና ሌሎች ማዕድናት ላይ ተለጥፈው ውሃ ይጠራሉ። ደቃቁን ዱቄትም ይበትናል፤ ይህኛው ጥቅሙ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሊግኒን ሰልፎኔት ደግሞ ባራይትንና ካልሳይትን ያስቀራል። ሶዲየም ፍሎሮሲሊኬትም ባስትናሳይት ላይ ለረጅም ጊዜ የተሠራበት ነው።

ሲበዛ ግን ይጎዳል። ሲሊኬት ያለ ልክ ከተጨመረ ባስትናሳይቱንም አብሮ ያሰምጠዋል። ኮንሰንትሬቱ ንጹሕ ይመስላል፤ ምርቱ ግን ቴይሊንግ ውስጥ እየሄደ ነው። ቅደም ተከተሉም ያው ወሳኝ ነው። ዲፕረሳንት ከኮሌክተር በፊት ይገባል፤ ገጹ ላይ ለማረፍም ደቂቃዎች ይፈልጋል።

ላብራቶሪ ውስጥ በሚገባ ተለያይተው የነበሩት ማዕድናት ፋብሪካ ሲገቡ ለምን አብረው ይንሳፈፋሉ?

ይህ ከሁሉም በላይ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው፤ እኔም ከሁሉም በላይ የማስብበት እሱን ነው። የላብራቶሪው ፈተና አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። 1 ግራም ገደማ ንጹሕ ባስትናሳይት ሃሊሞንድ ቱቦ በሚባል ቀጭን የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ በተጣራ ውሃ ይገባል። ከታች ጋዝ ቀስ ብሎ ይነፋል። አረፋዎቹ አንድ በአንድ ዱቄቱን ተሸክመው ሲወጡና ጫፍ ላይ ሲፈነዱ በዓይን ይታያል፤ የወጣው ይመዘናል። ከዚያ ካልሳይቱ ለብቻው፣ ባራይቱ ለብቻው ይሞከራል። ሦስቱ ግራፎች ተራርቀው ይታያሉ። ሁሉም ደስ ይለዋል።

ፋብሪካ ውስጥ ግን ሦስቱም አንድ ውሃ ውስጥ ናቸው። ካልሳይቱ ካልሲየም ይለቃል። ካልሲየሙ ከፋቲ አሲዱ ጋር ይገናኝና የማይሟሟ ሳሙና ይሆናል። ጠንካራ ውሃ ላይ ሳሙና አረፋ አልሰጥ ብሎ ነጭ ዝቃጭ ሲሠራ የምናየው ያው ኬሚስትሪ ነው፤ ፋቲ አሲዱ ራሱ የሳሙና ዘር ነውና። ያ ዝቃጭ ሁለት ጥፋት ያደርሳል። ኮሌክተሩን ይበላል፤ ደግሞም ያገኘው ቅንጣት ላይ ሁሉ እየተለጠፈ ሁሉንም ውሃ ሸሽ ያደርጋል። መምረጥ ቀረ ማለት ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። የሟሟ አዮን የሌላውን ማዕድን ገጽ ሊለውጥ ይችላል። ፎስፌት ባለበት ውሃ የቆየ ካልሳይት ገጹ አፓታይትን፣ ማለትም የካልሲየም ፎስፌት ማዕድንን፣ መምሰል ይጀምራል። ውስጡ ካልሳይት ነው፤ ኮሌክተሩ የሚያየው ግን ገጹን ብቻ ነው። በዚህ ላይ ፋብሪካው ውሃውን መልሶ ይጠቀማል። ትናንት የሟሟው ዛሬ ይመለሳል፣ ይጠራቀማል። ስለዚህ ምርት ሲወርድ ኮሌክተር ቀይሩ ከማለት በፊት የውሃውን ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ካርቦኔትና ፎስፌት ለኩ። ላብራቶሪም ቢሆን ሙከራው ቢያንስ አንዴ በዚያው በፋብሪካው ውሃ መደገም አለበት። ይህን የዘለለ ሪፖርት ሳነብ ግራፉ ምንም ያህል ቢያምር አልተማመንበትም።

የቅንጣት መጠንስ?

ከ10 ማይክሮሜትር ያነሰ ደቃቅ ዱቄት ራስ ምታት ነው። ከአረፋ ጋር የመጋጨት ዕድሉ ትንሽ ነው፤ በግራም ሲታይ ገጹ ሰፊ ስለሆነ ኮሌክተር ይጨርሳል፤ ትልልቆቹ ቅንጣቶች ላይም ተለጥፎ ይሸፍናቸዋል። ባስትናሳይት ከ4 እስከ 4.5 የሞህስ ጥንካሬ ብቻ ስላለው በቀላሉ ይደቅቃል። ከመጠን በላይ መፍጨት የማይመለስ ስህተት ነው። በሌላ በኩል በቂ ካልተፈጨ ማዕድኑ ከብረት ኦክሳይድ ጋር እንደተጣበቀ ይቀራል፤ ማውንት ዌልድን በመሰለ ደቃቅ ድንጋይ ላይ ይህ የታወቀ ፈተና ነው።

ባስትናሳይትንና ሞናዛይትን እርስ በርስ መለየት ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን ቀላል አይደለም። የሁለቱም ገጽ ላይ ኮሌክተሩን የሚይዙት እነዚያው ሴሪየምና ላንታነም ናቸው። ልዩነቱ ያለው በአጠገባቸው ነው፤ አንዱ ጋ ካርቦኔትና ፍሎራይድ፣ ሌላው ጋ ፎስፌት። በጥቂቱ አሲዳማ በሆነ ውሃ አሉም (alum) የተባለው የአሉሚኒየም ጨው ሞናዛይቱን አስቀርቶ ባስትናሳይቱ የሚንሳፈፍበት ዘዴ ተሠርቶበታል። ብዙ ጊዜ ግን ሁለቱ አብረው ይወጡና ጣጣው ለኬሚካሉ ፋብሪካ ይተላለፋል። እዚያም የሞናዛይቱን ቶሪየም በጥንቃቄ መያዝ የግድ ነው።

ኒዮዲሚየምን ከሴሪየም በፍሎቴሽን መለየትስ?

አይቻልም። እርግጥ ከላንታነም ወደ ከባዶቹ ስንሄድ አዮኑ እየጠበበ፣ ከሃይድሮክሳሜት ጋር ያለው ትስስርም በጥቂቱ እየጠነከረ ይሄዳል። ግን ኒዮዲሚየሙና ሴሪየሙ በአንዲት ክሪስታል ውስጥ ጎን ለጎን ነው የተቀመጡት። ፍሎቴሽን ቅንጣትን ከቅንጣት ይለያል፤ አተምን ከአተም አይለይም። እሱ ሥራ ማዕድኑ በአሲድ ከሟሟ በኋላ በሶልቨንት ኤክስትራክሽን፣ ማለትም ከውሃ ጋር በማይቀላቀል ፈሳሽ እየመጠጡ በመለየት፣ ይሠራል።

ኮሌክተሩ በእርግጥ ማዕድኑን እንደያዘ በምን አውቃለሁ?

በአንድ መሣሪያ አይታወቅም። ዜታ ፖቴንሻሉ ኮሌክተር ሲጨመር ወደ ኔጌቲቭ ከተንሸራተተ አንድ ነገር ተለጥፏል ማለት ነው፤ በተለይ ገጹ ቀድሞም ኔጌቲቭ ከነበረ የኬሚካል ትስስር ይጠረጠራል። ኢንፍራሬድ ስፔክትሮስኮፒ የኮሌክተሩ መስመሮች ከቦታቸው መንቀሳቀሳቸውን ያሳያል። ኤክስሬይ ፎቶኤሌክትሮን ስፔክትሮስኮፒ ደግሞ የገጹን የላይኛውን ጥቂት ናኖሜትር ብቻ አይቶ የሴሪየሙ ኤሌክትሮኖች ተነክተው እንደሆነ ይናገራል።

እዚህ የሚያታልል ነገር አለ። ውሃው ውስጥ ተሠርቶ ዱቄቱ ላይ ያረፈ የካልሲየም ወይም የሴሪየም ሳሙናም በኢንፍራሬዱ ላይ ያንኑ የመሰለ መስመር ይሰጣል። ገጹ ላይ ከተሠራ ትስስር ጋር በቀላሉ ይምታታል። ለዚህ አንድ ቀላል ማጣሪያ አለ። ማዕድኑን ብቻውን ውሃው ውስጥ አቆዩት፤ ዱቄቱን አጣርታችሁ አውጡ፤ ኮሌክተሩን በጠራው ውሃ ላይ ብቻ ጨምሩ። ውሃው ከደፈረሰ ዝቃጩ ያለ ማዕድኑ ገጽም ይሠራል ማለት ነው፤ ስፔክትረሙንም በዚያ ዓይን ማንበብ ይኖርባችኋል።